በማሳ ላይ የምትታይ ጥንዚዛ ሁሉ ጠላት አይደለችም፤ ስለ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች አመዳደብና አለያየት

በሰብል ላይ ተባይ ታየ በተባለ ቁጥር በገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «መድኃኒቱ መቼ ይደርስልናል?» የሚል ነው። «ለመሆኑ የታየው ነፍሳት ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ሳይጠየቅ መርጫው በትከሻ ላይ ይወጣል። በተለይ የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቶ በበቆሎ ማሳዎች ላይ ከተዛመተ ወዲህ፣ ፀረ ተባይ መድኃኒት እምብዛም በማይታወቅባቸው መንደሮች ጭምር መርጫ የገበሬው ዕቃ እየሆነ መጥቷል። ተምቹን መከላከል ግዴታ ነበር፤ ይህ የሚያከራክር አይደለም። የሚያሳስበው፣ መርጫው በእጅ ከገባ በኋላ በቅጠል ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ተባይ መስሎ መታየት መጀመሩ ነው።

ከዚህ ዓይነቱ የጅምላ ፍርድ አብዝተው ከሚጎዱት ነፍሳት መካከል የጥቃቅን ጥንዚዛዎች ወገን አንዱ ነው። ቀይ ወይም ብርቱካንማ ጀርባ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን፣ እንደ ግማሽ አተር የተነፋችውን ትልቋን ጥንዚዛ የማያውቅ ገበሬ የለም። ክሽክሽ በበዛበት ባቄላና ገብስ ላይ ስለምትገኝ አንዳንዱ ወዳጅነቷን ተረድቶ ይተዋታል። ትንንሾቹን የዚች ጥንዚዛ ዘመዶች ግን የሚያውቃቸው ጥቂት ነው። ቁመታቸው ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊሜትር ነው፤ ይኸውም ትንሿ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም፣ መካከለኛዋም የጎመን ዘር ታክላለች ማለት ነው። ቀለማቸው ብዙውን ጊዜ ጥቁር ወይም ቡናማ ነው፤ ጀርባቸው በአጫጭር ፀጉር የተሸፈነ ስለሆነ አይብለጨለጭም። ዕጮቻቸው ደግሞ ከላያቸው ነጭ ሰም ስለሚያወጡ፣ ሊበሉት የመጡትን ዱቄት ለበስ ተባይ ራሱን ይመስላሉ። ስለዚህ ገበሬው በመድኃኒት ብቻ ሳይሆን በገዛ ጣቱ ጨፍልቆ የሚገድላቸው የራሱን ጠባቂዎች ነው።

ነገሩ በአንድ ወገን ብቻ ቢሆን ኖሮ «ጥንዚዛ አትግደሉ» ብሎ ማለፍ በተቻለ ነበር። ሆኖም ከዚሁ ከአንድ ቤተሰብ የተወለዱ ቅጠል በል ጥንዚዛዎች መኖራቸው ሥራውን ያወሳስበዋል። በእኛ አገር ጤፍን፣ ገብስን፣ ስንዴንና በቆሎን የምታጠቃው፣ በሳይንሳዊ ስሟ ክኖትሪባ ሲሚሊስ የምትባለው ጥንዚዛ የዚህ ቤተሰብ አባል ናት። እርሷም ዕጯም የቅጠሉን ለስላሳ ክፍል እየፋቁ ስለሚበሉ ከጀርባው ስስ ቆዳው ብቻ ይቀራል፤ ማሳው ከሩቅ ሲታይ ውርጭ የመታው ይመስላል። ሩዝ በሚመረትባቸው የአፍሪካ አገሮች ደግሞ ይህችው ጥንዚዛ የሩዝን ቢጫ አዥጎርጓሪ ቫይረስ ከተክል ወደ ተክል እንደምታስተላልፍ ተረጋግጧል። ስለሆነም አንድ የማኅበር መሪ «ጥንዚዛ መጣ» የሚል ወሬ ሲደርሰው በፊቱ የሚቆሙት ሁለት ስሕተቶች ናቸው፤ ወዳጅን መግደልና ጠላትን መተው። ከሁለቱ የሚያድነው መለየት ነው።

አመዳደቡ እንዴት መጣ?

ጥንዚዛዎችን በወገን በወገን መመደብ የሊቃውንት ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ታሪኩ ግን ገበሬው ዛሬ በማሳው ላይ የሚገጥመው ችግር ሊቃውንቱንም ለረጅም ጊዜ እንዳሳሳታቸው ያሳያል። ሰባት ነጠብጣብ ላላት ትልቅ ጥንዚዛ ዛሬ የምትጠራበትን ስም የሰጣት ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ነበር። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1850፣ ሙልሳን የተባለ ፈረንሳዊ በጊዜው የታወቁትን የዓለም ጥንዚዛዎች ሁሉ ሰብስቦ በሁለት ትላልቅ ክፍሎች መደባቸው። መለያው ፀጉር ነበር፤ ባለ ፀጉሮቹን በአንድ በኩል፣ ለስላሶቹን በሌላ በኩል አቆማቸው።

ይህ አከፋፈል ለዓይን ቀላል ቢሆንም ለእርሻ ሥራ አደገኛ ነበር። ምክንያቱም ቅጠል በሎቹ ባለ ፀጉር ናቸው፤ ተባይ በሎቹ ጥቃቅን ጥንዚዛዎችም እንዲሁ ባለ ፀጉር ናቸው። በፀጉር ብቻ ከተፈረደ ጠላትና ወዳጅ በአንድ ከረጢት ይገባሉ። «የማታብለጨልጭ ጥንዚዛ ቅጠል በል ናት» የሚለው ምክር በአንዳንድ የማስተማሪያ ወረቀቶች ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። ለትልልቆቹ ጥንዚዛዎች ይህ ምክር ይሠራል፤ ለጥቃቅኖቹ ግን ፈጽሞ አይሠራም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ሊቃውንት ከፀጉሩ አልፈው የአፍን ክፍሎች፣ የቀንዶችን አንጓ፣ በደረትና በሆድ ሥር ያሉትን መስመሮች፣ እንዲሁም ዕጮቹን መመርመር ጀመሩ። ጃፓናዊው ሳሳጂ እ.ኤ.አ. በ1968 ቤተሰቡን በስድስት ንዑስ ቤተሰቦች ከፈለው፤ ከነዚህም አንዱ ጥቃቅኖቹ የሚገኙበት፣ ስሙንም ሲምነስ ከተባለችው ጥንዚዛ የወሰደው ነው። ይህ አከፋፈል ለአርባ ዓመታት ያህል በትምህርት ቤትና በምርምር ጣቢያ ሲሠራበት ኖረ። በቅርብ ዓመታት ግን የዘር ቅንጣት ምርመራ ሲታከልበት፣ ትንሽና ባለ ፀጉር መሆን ብቻ የአንድ እናት ልጅነትን እንደማያረጋግጥ ታወቀ። ከጥቃቅኖቹ አንዳንዶቹ እርስ በርሳቸው ከሚዛመዱት ይልቅ ከሌሎች ጋር ይዛመዳሉ። በዛሬው አከፋፈል አብዛኛዎቹ፣ ቅጠል በሎቹ ጭምር፣ በአንድ ሰፊ ንዑስ ቤተሰብ ውስጥ በየነገዳቸው ተመድበዋል። በጠቅላላው በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው የዚህ ቤተሰብ ዓይነቶች 6,000 ያህል ይሆናሉ፤ የሲምነስ ወገን ብቻውን በብዙ መቶዎች ይቆጠራል።

የአፍሪካን ጥቃቅን ጥንዚዛዎች በተመለከተ ብዙውን ሥራ ከሠሩት አንዱ ጀርመናዊው ሄልሙት ፉርሽ ነበሩ። እርሳቸውና መሰሎቻቸው ያገኙት እውነት ለእኛም የሚጠቅም ነው፤ ይኸውም ከነዚህ ጥንዚዛዎች ብዙዎቹን በጀርባቸው ቀለም ብቻ ለይቶ ስም መስጠት አይቻልም። የአንድ ወገን ጥንዚዛ አንዷ ጥቁር፣ ሌላዋ ባለ ነጠብጣብ ልትሆን ትችላለች፤ ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ደግሞ በቀለም መንትያ ይሆናሉ። እርግጠኛው መለያ የወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ ሲሆን ይህም በማጉያ መነጽር ሥር ተከፍቶ የሚታይ ነው። በመሆኑም ከገበሬው የሚጠበቀው ጥንዚዛዋን በወገን መለየት እንጂ በስም መጥራት አይደለም። ስሙ የባለሙያ ሥራ ነው።

በስም መሳሳት ምን ያህል ያስከፍላል?

«ስሙ ቢቀር ምን ይጎዳል?» ለሚል ሰው ከአፍሪካ ታሪክ የተገኘ መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኮንጎ ወንዝ አካባቢ አንድ እንግዳ ዱቄት ለበስ ተባይ በካሳቫ ላይ ታየ። ካሳቫ በእኛ አገር በደቡብ በአንዳንድ ሥፍራ የእንጨት ቦዬ የሚባለው ነው። ተባዩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአገር አገር ተሻግሮ የሚሊዮኖችን ዋና ምግብ አደጋ ላይ ጣለው። እ.ኤ.አ. በ1977 ዳንየል ማቲል ፌሬሮ የተባሉ ፈረንሳዊት ሊቅ ለተባዩ ስም ሰጡት፤ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ መሆኑም ታመነ። ጠላቱን ለመፈለግ የተላኩት ተመራማሪዎች በሰሜን ደቡብ አሜሪካ በካሳቫ ላይ ተመሳሳይ ተባይ አገኙ። ነገር ግን በኋላ ሲመረመር ያ ሌላ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ በእርሱ ላይ የሚኖሩት ጠላቶችም ለአፍሪካው ተባይ አልሆኑም። እውነተኛው ተባይ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1981 በፓራጓይ ነው። ከዚያ የመጣች አንዲት ደቃቅ ተርብ በዚያው ዓመት በናይጄሪያ ተለቀቀች፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ከሃያ በሚበልጡ የአፍሪካ አገሮች ተዛመተች፣ ተባዩንም አዳከመችው። ሥራውን የመሩት ስዊሳዊው ሃንስ ሄረን እ.ኤ.አ. በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የጥቃቅን ጥንዚዛዎች ድርሻ ምን ነበር? ሐቁን መናገር ይገባል። በአፍሪካ የነበሩት ጥንዚዛዎች እንግዳውን ተባይ መብላታቸው ታይቷል፤ ከደቡብ አሜሪካም ሃይፐራስፒስና ዲዮመስ የተባሉ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች መጥተው ተለቀዋል። ሆኖም ዋናውን ሥራ የሠራችው ተርቧ ናት። ጥንዚዛ ተባዩ ሲበዛ ትመጣለች፣ ትበላለች፣ ሲመነምን ደግሞ ወደ ሌላ ትሄዳለች። ስለዚህ ጥንዚዛ አለች ተብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥም አያዋጣም።

የጥቃቅኖቹ ሙሉ ድል የታየው በሌላ ቦታ ነው። በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል በምትገኘው የቅድስት ሄለና ደሴት፣ በዓለም ላይ ከዚያች ደሴት በቀር በተፈጥሮ የማይበቅል አንድ ዛፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኦርቴዚያ የተባለች ዱቄት ለበስ ተባይ በዛፉ ላይ ወጣችበት፤ መነሻዋም በየአጥሩ የበቀለው የወፍ ቆሎ ቁጥቋጦ ነበር። ከሁለት ሺህ ብዙም የማይበልጡት የቀሩ ዛፎች በመቶ እየተቆጠሩ መድረቅ ጀመሩ። መፍትሔው የተገኘው ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። በኬንያ ይህችው ተባይ ቀደም ሲል የጃካራንዳ ዛፎችን ስታጠቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ከሃዋይ አንዲት ትንሽ ጥንዚዛ መጥታ ነበር። ይህች ጥንዚዛ እ.ኤ.አ. በ1993 በቅድስት ሄለና ተለቀቀች፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ተባይዋን አሸነፈች፤ የቀሩት ዛፎችም ተረፉ።

የሚያስገርመው ይህች ጥንዚዛ ለብዙ አሥርተ ዓመታት በጽሑፍ ስትጠራበት የኖረችው በሌላ ዘመዷ ስም መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሊቃውንት ከፍተው መርምረው ትክክለኛው ስሟ ሃይፐራስፒስ ፓንተሪና መሆኑን አስታወቁ፤ ይህን ስም ቀድሞ ያወጡላት ከላይ የተነገረላቸው ፉርሽ ናቸው። አንድ አገር የአሮጌውን ስም ተከትሎ ከትውልድ አገሯ ጥንዚዛ ቢያስመጣ ኖሮ ፈጽሞ ሌላ ጥንዚዛ ተሸክሞ ይመለስ ነበር።

የዚህ ሁሉ ሥራ መነሻ የሆነው የካሊፎርኒያው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ከአውስትራሊያ የገባ ጥጥ መሳይ ተባይ የካሊፎርኒያን የብርቱካን እርሻ ሊያጠፋው ደርሶ ነበር። አልበርት ኮቤል የተባለ ባለሙያ ወደ አውስትራሊያ ተልኮ፣ እ.ኤ.አ. በ1888 መጨረሻና በ1889 መጀመሪያ ሮዶሊያ የተባለችውን ባለ ፀጉር ትንሽ ጥንዚዛ ላከ። በሎስ አንጀለስ በድንኳን በተሸፈነ አንድ ዛፍ ላይ የተለቀቁት 129 ብቻ ነበሩ። ከነሱ የተራቡት በሺህ እየተቆጠሩ ለገበሬው ታደሉ፤ ተባዩም በሁለት ዓመት ውስጥ ከቁጥር ውጭ ሆነ። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው የኋላው ክፍል ነው። ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ በብርቱካን እርሻዎች ላይ መረጨት ሲጀምር ጥንዚዛዋ አለቀች፤ ከሃምሳ ዓመታት በላይ ተረስቶ የነበረው ተባይ እንደገና ተነሣ። ገበሬዎቹ መርጨቱን ገታ አድርገው ጥንዚዛዋን እንደገና ካልመለሱ በቀር ሊገላገሉት አልቻሉም።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በአገራችን እንሰት አብቃይ አካባቢዎች የእንሰትን ሥር የሚያጠቃው ዱቄት ለበስ ተባይ በሳይንስ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ስሙን ከሰጡት ሁለት ሊቃውንት አንዷ እነዚያው የካሳቫውን ተባይ የሰየሙት ዳንየል ማቲል ፌሬሮ ናቸው። እንሰት በዚህች አገር ስንት ዘመን እንደተበላ ለሚያስብ ሰው፣ የተባዩ ስም እስከ ትናንት ድረስ ሳይታወቅ መቆየቱ የመለየት ሥራ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀረ ያስረዳዋል። ይህ ተባይ ከመሬት በታች ስለሚኖር ጥንዚዛ በቀላሉ አታገኘውም፤ ጉንዳኖችም ማሩን እየላሱ ይጠብቁታል፣ ይሸከሙታልም። ስለዚህ እዚህ ላይ ተስፋ የሚጣለው በንጹሕ ችግኝ ላይ እንጂ በጥንዚዛ ላይ አይደለም።

በገብስ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ በ1960ዎቹ አጋማሽ የታየው የሩሲያ ክሽክሽ ቅጠሉን ጠቅልሎ በውስጡ ይደበቃል። በላዩ የሚረጭ መድኃኒት እምብዛም አይደርስበትም፤ ትልቋም ጥንዚዛ ወደ ጥቅሉ ለመግባት ይከብዳታል። የሲምነስ ወገን ግን ሰውነቷ ትንሽ ስለሆነ ትገባለች። አሜሪካኖች ይህ ክሽክሽ በደረሰባቸው ጊዜ ከባሕር ማዶ ካስመጧቸው ጥንዚዛዎች መካከል ሲምነስ የነበረችበትም ምክንያት ይኸው ነው። ቲማቲም በሚለማባቸው የስምጥ ሸለቆ ቀበሌዎች ደግሞ ቀይ ሸረሪት የተባለችው ደቃቅ ተባይ ዋና ችግር ናት። ይህችን የሚበሉት ስቴቶረስ የተባሉ፣ ከአንድ ሚሊሜትር ተኩል የማይበልጡ ጥቁር ጥንዚዛዎች ናቸው። ለትል ተብሎ የሚረጨው ጠንካራ መድኃኒት እነዚህን ይፈጃል፤ ሸረሪቷ ግን መድኃኒቱን ትቋቋማለች። ከርጭት በኋላ ቅጠሉ ይብሱን የሚቀላው ብዙውን ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው። ገበሬው ግን «መድኃኒቱ ተበርዟል» ብሎ ነጋዴውን ይረግማል፤ አልፎ አልፎ እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

የበለስ ጉዳይ የተለየ ትኩረት ያሻዋል። ለቀይ ቀለም ምርት ተብሎ ወደ ትግራይ የገባው ኮቺኒል የተባለ ነፍሳት፣ ለቀማው ሲቋረጥ ከተመደበለት ቦታ ወጥቶ በደቡብ ትግራይ የሕዝቡን በለስ አጥቅቷል። በለስ በክረምት ወራት የሰው ምግብ፣ በድርቅም ጊዜ የከብት መኖ ስለሆነ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በእስራኤልም እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጀመሪያ በኋላ የዚህ ነፍሳት ዘመድ በለሱን ሲያደርቅ፣ ከሜክሲኮ ሃይፐራስፒስ ትሪፈርካታ የተባለች ትንሽ ጥንዚዛና አንዲት ዝንብ አስመጥተው ከመረመሩ በኋላ ለቀዋል። «እኛስ ለምን አናስመጣም?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ግን መለየት ላይ ይመለሳል፤ የእስራኤሉና የትግራዩ ኮቺኒል ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ስለሆኑ ጥንዚዛዋ የእኛን አጥፍታ መቆጣጠር መቻሏ በምርመራ መታየት አለበት።

ከዚህም ሌላ የደቡብ አፍሪካን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። በዚያ አገር በለሱ ራሱ የግጦሽ መሬት ያጠፋ አረም ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ኮቺኒልን ያስመጡት በለሱን እንዲገድልላቸው ነበር። ይሁንና ለፍራፍሬ ተባይ ተብላ ቀድሞ የገባችው፣ ክሪፕቶሌመስ የተባለችው የአውስትራሊያ ጥንዚዛ ኮቺኒሉን እየበላች ሥራውን አደናቀፈችባቸው። በዚህ የተነሣ ጥንዚዛዋን ለመግደል ዲዲቲ እስከ መርጨት ተደርሷል። ያችው ጥንዚዛ በብርቱካን እርሻ ወዳጅ፣ በበለስ መስክ ጠላት ሆነች ማለት ነው። ለትግራይ ገበሬ ግን እንዲህ ያለ ጥንዚዛ ብትገኝ በእልልታ ትቀበል ነበር።

በማሳ ላይ እንዴት ትለያለች?

የማኅበር መሪዎችና የልማት ሠራተኞች ያለ ማጉያ መነጽር ሊያዩት የሚችሉት ይህን ነው። በመጀመሪያ ጥንዚዛዋ ከዚህ ቤተሰብ መሆኗን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ስትነካ የምትዘል ከሆነ አይደለችም፤ እርሷ ጎመንና ተልባ የምትበሳዋ የሌላ ቤተሰብ ጥንዚዛ ናት። አፏ እንደ ዝሆን ኩምቢ የረዘመም ነቀዝ እንጂ ከዚህ ወገን አይደለችም። የእኛዋ ከላይ ቅስት፣ ከታች ጠፍጣፋ ናት፤ ቀንዶቿ በጣም አጫጭርና ጫፋቸው ወፈር ያለ ነው፤ ስትነካ እግሮቿን አጥፋ የሞተች ትመስላለች።

ቀጥሎ መጠኗ ይታያል። ፀጉራምና የማታብለጨልጭ ሆና የምስር ፍሬ የምታክል ከሆነ ቅጠል በል ናት ብሎ መጠርጠር ይገባል። ፀጉራም ሆና ከጎመን ዘር የማትበልጥ ከሆነች ግን ተባይ በል ናት ማለት ይቻላል። በመጠን መካከል ያሉ ስላሉ ይህ ብቻውን የመጨረሻ ፍርድ አይሆንም። የተሻለው ምስክር ቅጠሉ ነው። ቅጠል በሏ በምትገኝበት ቅጠል ላይ እንደ መሰላል ጎን ለጎን የተፋቁ ነጣ ያሉ መስመሮች ይታያሉ። ተባይ በሏ ባለችበት ቅጠል ላይ ግን ክሽክሽ፣ ዱቄት ለበስ ተባይ ወይም ቀይ ሸረሪት አይጠፋም፤ ቅጠሉም አይፋቅም።

ዕጮቹ በይበልጥ ያሳስታሉ። የቅጠል በሏ ዕጭ ቅርንጫፍ ባለው እሾህ የተሸፈነች ስለሆነች ትታወቃለች። የጥቃቅኖቹ ተባይ በሎች ዕጭ ግን ነጭ ሰም ለብሳ በዱቄት ለበሱ ተባይ መካከል ትኖራለች፤ ሰሙም ከጉንዳን ይከላከልላታል። በስንጥር ብትነካ ትሮጣለች፤ ተባዩ ግን ምንቃሩን በተክሉ ውስጥ ስለተከለ ከቦታው አይነቃነቅም፣ ቢነቃነቅም በዝግታ ነው። በበለስ ላይ «ሲጨፈለቅ ቀይ ከሆነ ኮቺኒል ነው» የሚባለው ፈተና እንኳ ሁልጊዜ አያስተማምንም፤ ኮቺኒል የበላች የሃይፐራስፒስ ዕጭም ቀይ ፈሳሽ ታወጣለችና።

ጥርጣሬ ሲኖር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ፈተና አለ። አምስት ስድስት ጥንዚዛዎችን በሁለት ንጹሕ ብልቃጦች መክፈል፤ በአንዱ ንጹሕ የሰብሉን ቅጠል ብቻ፣ በሌላው ክሽክሽ ያለበትን ቅጠል መጨመር፤ አፉን በሻሽ አስሮ በጥላ ማሳደር ነው። በማግሥቱ ንጹሑ ቅጠል ተፍቆ ከተገኘ ጠላት ናት፤ ክሽክሹ ቀንሶ ቅጠሉ ደኅና ከሆነ ወዳጅ ናት። ይህ ሥራ የሚወስደው አንድ ሌሊት ነው። ክሽክሽ በአንድ ሌሊት ማሳ አያጠፋም፤ ስለዚህ መርጫው እስከ ማግሥቱ ቢቆይ የሚደርስ ጉዳት የለም። የመጤ ተምችና የአንበጣ ነገር ግን ለዚህ ዓይነቱ ጥበቃ ጊዜ እንደማይሰጥ የታወቀ ነው።

ባለሙያ እንዲያየው የሚላክ ናሙና ሲኖር አላላኩ ትኩረት ይሻል። በደረቅ ጥጥ ተጠቅልሎ የተላከ ጥቃቅን ጥንዚዛ ተሰባብሮ ስለሚደርስ ለምርመራ አይሆንም። ከጤና ጣቢያ በሚገኝ የአልኮል ብልቃጥ ውስጥ ከአሥር ያላነሱ፣ ከተቻለም ዕጮቻቸውና ይበሉት የነበረው ተባይ ጭምር፣ በየብልቃጣቸው ተለይተው መግባት አለባቸው። አሥር የሚባልበት ምክንያት ወንዱ ሳይገኝ ዓይነቱን ለይቶ መናገር ስለማይቻል ነው። ቀበሌው፣ ቀኑ፣ የሰብሉ ስምና የተገኘበት የተክሉ ክፍል በእርሳስ ተጽፎ ወረቀቱ ከብልቃጡ ውስጥ ይግባ፤ የእስክሪብቶ ጽሑፍ በአልኮል ይለቃል። ከወረዳው የእርሻ ጽሕፈት ቤት ወደ አካባቢው የእርሻ ምርምር ማዕከል፣ ካስፈለገም የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ወደሚካሄድበት ወደ አምቦ ይተላለፋል። ማኅበሩ የላከውን በመዝገብ ቢይዝና መልሱን ቢያስከትል መልካም ነው፤ መልሱ ሲመጣም ከመድኃኒት ግዥው ደብተር ጋር ጎን ለጎን ይቀመጥ።